ከመነዳሪ

ጅማ መርካቶ ጀርባ፣ በሯ ላይ ያረጁ ጎማዎች በተሰቀሉባት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰባዎቹን አልፈዋል። አባታቸው ሙያውን የተማሩት በወረራው ዘመን፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ፈረንጅ አራዳ ከነበረ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ መፍቻ እያቀበሉ ነው። ጣሊያን ተባሮ ሲወጣ ጋራዡ ፈረሰ፤ ሙያውና የዕቃዎቹ ስም ግን እዚሁ ቀረ።

ባለፈው ሚያዝያ ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ፍሎረንስ ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ጎራ አልኩ። ቤተሰቡም የሥራ ባልደረባውም ሽቶ፣ ጫማ፣ ስልክ አዞኝ ነበር። ጋሼ ግን እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ለእኔ ሁለት ከመነዳሪ ይበቃኛል ልጄ። ለዚችው ለአንቺዋ የሚሆን። ደግሞ እነሱም ከመነዳሪ ይሉት እንደሆነ አጣሪልኝ። አባቴ ከእነሱ አፍ ነው የሰማሁት ይሉ ነበር» አሉኝ።

ከመነዳሪ ጎማው ውስጥ የሚገባው፣ አየር የሚሞላው ላስቲክ ነው። «ለዚችው» ያሏት ደግሞ ብስክሌቴን ነው። ያገለገለች፣ ቀጭን ጎማ ያላት፣ ሰማያዊ የብረት ብስክሌት ናት። ስገዛት የከመነዳሪዋ ቫልቭ እንደ እርሳስ ጫፍ የቀጠነ፣ በትንሽ ብሎን የሚከፈትና የሚዘጋ ዓይነት ነበር። ያ ሲያረጅ ተመሳሳዩን ጅማ ውስጥ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣን። ስለዚህ ጋሼ የቸርኬውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አስፍተው የመኪና ጎማ ዓይነት ወፍራም ቫልቭ ያለው ከመነዳሪ ገጠሙልኝ። ልኩ ግን አልነበረም። ጎማው ውስጥ ይተጣጠፍና በተጣጠፈበት ይበሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት የምወጣው ማጣበቂያና ቁራጭ ላስቲክ ኪሴ ይዤ ነበር።

የምወጣባቸውን መንገዶች ጅማን የሚያውቅ ሰው ያውቃቸዋል። አንዱ ወደ ጅሬን ነው፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ። አጭር ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ደረት ያቃጥላል። ጉልበቱ ካለኝ ከዚያ ወርጄ በቦዬ ረግረግ በኩል የደዶን አቀበት እያያዝኩ እሄድና አጋማሹ ላይ እመለሳለሁ። ሌላው የአጋሮ መንገድ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና የተተከለበት፣ ጠዋት ጠዋት ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል የሚታይበት። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የምፈራውም እሱን ነው፤ ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ።

ሥልጠናው ብዙ የሚወራለት አይደለም፤ ላብራቶሪ ያው ላብራቶሪ ነው። ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከፍሎረንስ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ደቡብ፣ ኪያንቲ ወደሚባለው ኮረብታማ የወይን አገር ወጣሁ። የወረድኩት ግሬቬ ላይ ነው። አደባባይዋ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ዙሪያዋን በረንዳ የከበባት ትንሽ ከተማ ናት። መሐሏ ላይ የጆቫኒ ዳ ቬራዛኖ ሐውልት ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1524 ዛሬ ኒው ዮርክ ወዳለችበት የባሕር ወሽመጥ የገባው መርከበኛ ነው። ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ብስክሌት የሚያከራይ ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ ሰማያዊ ሽርጥ ያሸረጡ፣ ጋሼን በዕድሜ የሚያክሉ ሰው ናቸው። ያ ቤት የሸተተኝ ምን እንደነበር ብነግራችሁ የሚያምነኝ የጋሼን ቤት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፦ ግራሶ፣ ላስቲክ፣ የቀዘቀዘ ቡና።

ግድግዳው ላይ የጂኖ ባርታሊ ፎቶ ተሰቅሏል። ሰውዬው የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ፍሎረንስ ዳር ካለች ፖንቴ አ ኤማ ከምትባል መንደር የወጣ። ቱር ደ ፍራንስን እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1948 አሸንፏል። በሁለቱ ድሎች መሐል በነበረው ጦርነት ደግሞ ልምምድ የሚሠራ መስሎ፣ አይሁዶችን ከሞት የሚያተርፉ የተጭበረበሩ መታወቂያ ወረቀቶች በብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ደብቆ ከፍሎረንስ እስከ አሲሲ ያመላልስ ነበር። የብስክሌት ቱቦ ባዶ መሆኑን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ለዚህ ይጠቅማል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሽማግሌው ኮርቻውን በልኬ አስተካከሉ። ተረከዜን ፔዳሉ ላይ እንዳደርግ አዘዙኝና ጉልበቴ ቀጥ እስኪል ኮርቻውን ከፍ አደረጉት። ከዚያ መንገድ ላይ ቢበሳብኝ ብለው ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ካርቶን አንስተው አቀበሉኝ፤ «ካሜራ ዳሪያ» አሉ።

ባለሁበት ቀረሁ።

«ከመነዳሪ?» አልኳቸው። «ካሜራ ዳሪያ» አሉ፤ ያልሰማሁ መስሏቸው ነው። የአየር ክፍል ማለት ነው። እየጠቆምኩ ቀጠልኩ። ጎማ። ጎማ አሉኝ። ፍሬን። ፍሬኖ። ማርሽ። ማርቻ። ቸርኬ። ቼርኪዮ። ካቴና። ካቴና። ፓራፋንጎ። ፓራፋንጎ። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን አንስቼ «ካቻቢቴ» ስል ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ከየት አገር ነሽ አሉኝ። ከኢትዮጵያ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። አጎታቸው በዚያ ጦርነት ወደ እኛ አገር ዘምተው እንደነበር፣ ተመልሰው እስኪሞቱ ድረስ ግን ስለዚያ ዘመን አንድ ቃል እንዳልተነፈሱ ነገሩኝ። ምን እንደምመልስላቸው አላወቅሁም። እኔም የመጣሁት ጋራዡ ውስጥ መፍቻ ያቀብል የነበረ ልጅ ካሳደጋቸው ሰው ዘንድ ነው። ሁለታችንም የከመነዳሪውን ካርቶን ይዘን ትንሽ ቆምን።

ከዚያ ወሬ የቀየሩት እሳቸው ናቸው፤ «ግርማይ!» አሉ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን ዙር አንድ ቀን ሲያሸንፍ፣ መድረክ ላይ የከፈተው ጠርሙስ ቡሽ ዓይኑን መቶት ከውድድሩ መውጣቱን ሲያስታውሱ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ አንደኛ የሚወጣው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማልያ ለበሰ። እኔም የእኛውን ፅጋቡ ግርማይን ነገርኳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩ ስነግራቸው ደግሞ ገረማቸው። አገር ቤት ስናገረውም ሰው ይገረማል።

ያሳዩኝ ዙር ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው፦ ከግሬቬ ወደ ፓንዛኖ ሽቅብ፣ ቁልቁል ወደ ፔዛ ወንዝ ሸለቆ፣ ዳግም ሽቅብ ወደ ራዳ፣ በተራራው ጀርባ ወደ ካስቴሊና፣ ከዚያ በፓንዛኖ በኩል ተመልሶ ግሬቬ።

የመጀመሪያው አቀበት ከከተማዋ አፍንጫ ሥር ይጀምራል። ግሬቬ 236 ሜትር ላይ ናት፣ ፓንዛኖ ወደ 500 ሜትር ይጠጋል። ጠመዝማዛ ነው፤ አንዱን እጥፋት ስትጨርሱ ሌላው ይጠብቃችኋል። ያከራዩኝ ብስክሌት ከፊት 34፣ ከኋላም 34 ጥርስ ነበረው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ዳገት የሚወጣ ሰው ያውቀዋል፦ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል። የእኔዋ ሰማያዊ ትንሹ ማርሿ ከፊት 42፣ ከኋላ 24 ነው። ፔዳሉን አንዴ ስረግጥ ጎማው አንድ ዙር ከሦስት ሩብ ይሄዳል። ጅሬን ላይ ሁልጊዜ ከኮርቻ ተነስቼ፣ መሪውን እየጎተትኩ፣ በሙሉ ክብደቴ እየረገጥኩ ነው የምወጣው። እዚህ ግን ተቀምጬ፣ እጄን ለቀቅ አድርጌ፣ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ ወጣሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ደካማ ነኝ ብዬ ሳስብ የነበረው ጥርስ አንሶኝ ኖሯል።

ሌላም የረዳኝ ነገር አለ። የኪያንቲ ትልቁ ተራራ፣ ሞንቴ ሳን ሚኬሌ፣ 892 ሜትር ነው። ጅማ ከተማችን 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ እጥፉ ማለት ነው። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሳንባዬ የለመደው ያንን ነው። ፓንዛኖ ስደርስ ልቤ ገና ጨዋታ ላይ ነበር።

ከፓንዛኖ ወደ ፔዛ የሚወርደው ቁልቁለት ግን አስፈራኝ። ጅማ ላይ ቁልቁለት ስወርድ እጄ ከፍሬን አይለይም፤ አህያ፣ ባጃጅ፣ ጉድጓድ፣ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ሽማግሌው ሲመክሩኝ ፍሬን የሚያዘው ከእጥፋቱ በፊት ነው፣ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ አይደለም ብለውኛል። የውጭውን ፔዳል ወደ ታች አድርጊ፣ ክብደትሽን እሱ ላይ ጣይ፣ ዓይንሽ የሚሄደው መውጫው ላይ ይሁን። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው እጥፋት ላይ ሰውነቴ ገባው። ብስክሌቷ ዘንበል ብላ፣ ጎማው አስፋልቱን ይዞ፣ ነፋሱ ጆሮዬ ላይ እያፏጨ ስወርድ ሳላውቀው እየዘፈንኩ ነበር።

ፔዛ ወንዝ ዳር ቆሜ ጭብጦዬን በላሁ። እናቴ በሶ አሽጋ ስለላከችልኝ ማለዳ በማር ለውሼ፣ ጠቅልዬ፣ ኪሴ ከትቼው ነበር። ዳገት ሲደርሱ ፈረስ መቀለብ ዋጋ የለውም ይባላል፤ ብስክሌትም ላይ እውነት ነው። መራብ ከጀመርኩ በኋላ የበላሁት ለሚቀጥለው ቁልቁለት እንጂ ላለሁበት አቀበት አይደርስልኝም።

አገሩን እንዴት ልንገራችሁ? በየኮረብታው ትከሻ ላይ ወይን በመስመር በመስመር ተተክሏል፤ እንደ ተበጠረ ጠጉር። ከየመስመሩ ራስ ላይ ጽጌረዳ አለ። ለጌጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወይኑን እንደሚያጠቃው ያለ ሻጋታ ጽጌረዳው ላይ ቀድሞ ስለሚታይ ገበሬው እንዲጠነቀቅ ከጥንት ጀምሮ የሚተከል ነው። ከወይኑ በላይ ብርማ ቅጠል ያለው ወይራ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ ዝግባ የመሰለ ቀጭን ዛፍ ወደ ሰማይ ተወድሯል። መንገዱ ዳር ጂኔስትራ የሚሉት ቢጫ አበባ ፈንድቷል፤ በግንቦት መስከረም የመጣ መሰለኝ። የእነሱ ሰብል እርቃኑን ነው፣ ከሩቅ ይቆጠራል። የእኛ ቡና ግን ዋንዛና ግራር ሥር ተጠልሎ የሚያድግ ስለሆነ በአጋሮ መንገድ የሚያልፍ እንግዳ ጫካ ያየ ይመስለዋል እንጂ የሰው ጓሮ መሆኑን አያውቅም። እኔ የእኛው ይበልጥብኛል። ጥላ አለው፣ ወፍ አለው። በዚያ ፀሐይ የወይኑ አገር ላይ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ የሚያስጠልል ሲጠፋ ጅማ ናፈቀችኝ።

ከራዳ እስከ ካስቴሊና ያለው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በተራራው ጀርባ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። እዚያ ነው ነገሩ የሆነው። አንድ አጭር አቀበት ላይ ሳለሁ ከኋላዬ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ትከሻዬ እንደ ልማዱ ተኮማተረ፣ ወደ ሣሩ ጠጋ አልኩ፣ ጡሩምባ ጠበቅሁ። የለም። ዞር ብዬ ሳይ አንዲት ትንሽ መኪና በእኔ ፍጥነት ትከተለኛለች። እለፊ ብዬ በእጄ አሳየሁ። አላለፈችም። እጥፋቱ አልቆ ፊት ለፊት ሲታይ ብቻ፣ የመንገዱን ግራ ሙሉ በሙሉ ይዛ፣ ከእኔ በጣም ርቃ አለፈች። ከኋላዋ ሌላ ሁለት መኪና ነበር፤ እነሱም እንዲሁ።

ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። ዓይኔ ዕንባ አቅርሮ ነበር።

የአጋሮን መንገድ የምፈራበት ምክንያት ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ሚኒባስ በጡሩምባ ሳይሆን በስፖኪዮው ነው ያስጠነቀቀኝ። ክርኔን መትቶኝ አለፈ፣ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ። አልቆመም። ያነሱኝ ቡና ሊለቅሙ ይሄዱ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ «አይዞሽ» እያሉ ደሜን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ግን የሚያመኝ እሱ አይደለም። የሚያመኝ ያን መንገድ ከዚያ ወዲህ ሙሉ ልቤን ሰጥቼ ጋልቤው አለማወቄ ነው። ሰው ስለ ብስክሌት ሳወራው ጅማ ዳገታማ ናት፣ አትመችም ይለኛል። ዳገት ምን አደረገ? እነዚያን ኮረብቶች ሊጋልብ ፈረንጁ ባሕር አቋርጦ ይመጣል። ጅማ ላይ የጎደለኝ ከጎኔ የምትቀር አንድ ሜትር ተኩል ቦታ ናት።

ቁጥሩን ያገኘሁት ከሽማግሌው ነው። ማታ ብስክሌቱን ስመልስ ያየሁትን ብነግራቸው፣ ጣሊያን ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው አዲስ ሕግ፣ መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ ብስክሌት የሚያልፍ መኪና አንድ ሜትር ተኩል መራቅ እንዳለበት አስረዱኝ። ሁሉም አያከብረውም፣ ቅዳሜና እሑድ የሚመጡት ሞተረኞችማ ገዳዮች ናቸው ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው፤ ካስቴሊና አጠገብ ሁለቱ ሞተሮች እንደ ጥይት ነበር ያለፉኝ። ያቺን መኪና ግን አልረሳትም።

ስለ ካስቴሊና ሳነሳ የጥቁሩን አውራ ዶሮ ተረት አወጉኝ፤ በየመንገዱ ምልክቱን ያየሁት ዶሮ ነው፣ የወይናቸው ማኅተም። ፍሎረንስና ሲዬና በድንበር ሲጣሉ ኖረው፣ ከየከተማው አንድ ፈረሰኛ ዶሮ ሲጮህ ይነሳና የተገናኙበት ድንበር ይሁን ተባባሉ። ሲዬናዎች ነጭ ዶሮ ቀልበው አጠገቡት። ፍሎረንሶች ጥቁሩን አስራቡት፤ በረሃብ ገና ሳይነጋ ጮኸ። ፈረሰኛቸው ቀድሞ ወጥቶ ሲዬና ደጃፍ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ተገናኙ ይባላል።

ሁለቱን ከመነዳሪ፣ ሁለቱንም ባለ ቀጭን ቫልቭ፣ ከእሳቸው ገዛሁ። ስለ ጋሼ ነገርኳቸው፤ ስለ ሰፋው ቀዳዳም፣ ስለ 24 ጥርሱም። ከመሳቢያ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ያረጀ የኋላ ጥርስ አወጡ፣ በብሎን የሚገባ፣ ትልቁ 28። «ለባልደረባዬ» አሉ፤ ገንዘቤን ገፉት። ጥፍር የምታህል የነሐስ ቁራጭም ጨመሩ፤ ቀጭኑን ቫልቭ ከወፍራሙ መንፊያ ጋር የምታገናኝ ናት።

ጅማ የተመለስኩት ሐምሌ ላይ ነው፣ ዝናቡ አናት አናት በሚልበት። ጋሼ ዕቃውን አልተቀበሉኝም፤ አስቀድመው «እህሳ፣ ምን ይሉታል?» አሉ። «ካሜራ ዳሪያ ነው የሚሉት ጋሼ» አልኳቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ለራሳቸው ደገሙት። «አባቴ እውነታቸውን ነበር» ብለው ቀና ሳይሉ ጋዜጣውን ፈቱ። የ28ቱን ጥርስ በጣታቸው ሲያዞሩት ጢርርር ይላል። ረጅም ጊዜ አዳመጡት።

የሰፋው ቸርኬ ላይ ቀጭኑ ቫልቭ ይንቀዋለል ነበር። ጋሼ ከአሮጌ ከመነዳሪ ሳንቲም የምታህል ክብ ላስቲክ በመቀስ ቆረጡ፣ መሐሏን በጋለ ሚስማር በሱ፣ ቫልቩ ላይ እንደ ቀለበት አጠለቋት። ቀዳዳው ግጥም አለ። ነሐሷን አስገብተው እየነፉ፣ በየመሐሉ ጎማውን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ጨረሱ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ጅሬን ወጣሁ። ቡናው ቀልቷል። በየደጁ የአልጋ መደብ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሊሆን ይደርቃል፤ ያ ጣፋጭ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። «አካም ጅርታ» ተባብለን አለፍኩ። ቤተ መንግሥቱ ሥር ያለው ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ስደርስ ማርሹን ወደ 28ቱ አወረድኩ። ፔዳሉ ለሰስ አለልኝ። በዚያ ቦታ ተቀምጬ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ከኋላዬ ኢሱዙ መጣ። ጡሩምባውን አንድ ጊዜ ነካ አደረገው፤ ትከሻዬ ተኮማተረ። መንገዱን ግን አልለቀቅኩም፤ ዳር ይዤ፣ ቀጥ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ ቆይ አልኩት። ቆየ። እስከ እጥፋቱ ድረስ በአንደኛ ማርሽ እያጉረመረመ ተከተለኝ። ሲያልፈኝ ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «አይዞሽ እህቴ! ደርሰሻል!» አለ።

ስወርድ በመርካቶ በኩል ዞርኩ። ጋሼ ገና መክፈታቸው ነው። ሰላምታ ሳይሰጡኝ ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ቀጥሎ የፊቱን።

«አልቀነሰም» አሉ።